ገጽ ሲገለጥ የሚሰሙት መምህር

ኦቦ ገመቹ ማረፋቸውን የሰማሁት ቡራዩ፣ ወንዱ ልጄ ቤት ሆኜ ነው። ሴቷ ልጄ ሰናይት ከሰበታ ደውላ መጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ወንድሟ ልጆች ጉንፋን። እንዲህ ዙሪያውን ስትሄድ ገባኝ። «ማን ሞተ?» አልኳት። «ቲቸር ገመቹ» አለችኝ።

ቀብራቸው በማግሥቱ በትውልድ አገራቸው በተጂ ስለነበር አልደረስኩም። ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ በሰበታ በኩል አልፌ የልጅ ልጄን ሲፈንን አስከትዬ። ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸው ጎን አስቀመጡኝ። ሴትየዋን ከዚያ በፊት በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። እጃቸውን ይዤ «የሲፈን አያት ነኝ፣ ከሰበታ» አልኳቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ትኩር ብለው አዩኝና፣

«በጆሮዎ የሚያነቡት?» አሉኝ።

ሐዘን ቤት መሳቅ ነውር ነው። እኔ ግን አመለጠኝ። እሳቸውም አመለጣቸው። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ሰውየው ለካ ማታ እቤታቸው ገብተው የእኔን ጉድ ያወሩ ነበር።

እኚህ ሰው ማን እንደነበሩ ሳልናገር ዝም ብዬ ብቀመጥ ደስ አይለኝም። ሰናይት ብዕር ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ስትቸኩል አስቆማታለሁ።

ኦቦ ገመቹ ዓይነ ስውር ነበሩ። እኔ ኦቦ እላቸዋለሁ፣ አቶ እንደማለት ነው፤ እሳቸው አዴ ይሉኛል፣ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ በሐምሌም በሚያዝያም ያው ነው። ጥቁር መነጽር አያደርጉም። አንዴ አንዲት ደፋር ልጅ ለምን እንደማያደርጉ ስትጠይቃቸው፣ ማየት የሚፈልግ ይየኝ፣ እኔ ምን ቸገረኝ ብለዋታል። ሰውን በጫማው ያውቁታል። አንድ ቀን የሰናይትን ጫማ አጥልቄ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ገና በሩ ጋ ሳለሁ፣ አዴ ዛሬ የማንን እግር ተውሰው ነው የመጡት አሉኝ። ወንበር ከቦታው ያንቀሳቀሰ መምህርም ሆነ ተማሪ ግን ወየውለት። ቁጣቸውን ያየሁት በወንበር ብቻ ነው።

በትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ነበሩ። ማየት የሚያስቸግራቸው፣ መስማት የሚያስቸግራቸው፣ ትምህርት አልገባ የሚላቸው ልጆች እሳቸው ዘንድ ይላካሉ። ይላካሉ እላለሁ እንጂ፣ እኔ እስክሄድ ድረስ እዚያ ክፍል መኖሩንም አላውቅም ነበር። ድሮ ዕቃ ቤት የነበረች፣ ከውኃ ቧንቧው ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት።

አሁን ወደ ሲፈን ልምጣ።

ሲፈን ሞኝ ሆና አታውቅም። አባቷ ጫንጮ ድንጋይ ማምረቻ ይሠራል፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እናቷ ሰናይት ፋብሪካ ናት፣ ፈረቃ አላት። ስለዚህ ልጅቷ ያደገችው እኔ እጅ ላይ ነው። ሱቅ ሰባት ዓይነት ዕቃ ብልካት ሰባቱንም ይዛ ትመጣለች። የሰፈሩን ሰው ስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች፤ ጎረቤት የራሱ ቁጥር ሲጠፋበት እሷን ነው የሚጠይቀው። ፊደል ላይ ግን ጉድ ሆነ። ዛሬ አወቀችው ያልነው ፊደል ነገ ጠዋት እንግዳ ይሆንባታል። «እማማ፣ ይንቀሳቀሱብኛል» ትለኝ ነበር። እኔ ፊደል መች ተቀምጦም ይሁን ተንቀሳቅሶ አይቼ አውቃለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባቴ ወንድሞቼን የኔታ ዘንድ ሲልክ እኔን ወደ ምንጭ ላከኝ። የኔታ የሚያስተምሩበት ዛፍ ግን ከምንጩ መንገድ ላይ ነበር። እንስራዬን አስቀምጬ እሰማለሁ። ወንድሞቼ ገና ሲንተባተቡ እኔ ውዳሴ ማርያምን ጨርሼ ያዝኩት፤ ዛሬም ከላይ እስከ ታች እለዋለሁ። ትምህርት ማለት እኔ የማውቀው ይኼ ነው፤ ሰምቶ መያዝ።

እናም ለሲፈን ያወቅኩትን አደረግኩ። እሁድ ሰናይት ሥራ የላትም። የሳምንቱን ትምህርት ከመጽሐፉ ሦስት ጊዜ ታነብልናለች። እኔ እይዘዋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሽንኩርት ስከትፍም ልብስ ሳጥብም፣ ሲፈን መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ እኔ አንድ እላለሁ እሷ ትከተላለች። ሁለተኛ ቀን ላይ ያለ እኔ ትወጣዋለች። ጣቷን መስመሩ ላይ ታስሄዳለች፤ ይህን ከክፍል ጓደኞቿ ያየችው ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ጢም ብለው ስለሚቀመጡ አብዛኛው ንባብ በአንድ ላይ ነው፣ እንደ መዝሙር። ተራዋ ደርሶ ብቻዋን ስትነሳም እንደ ውኃ ታወርደዋለች። አንደኛ ክፍልን አለፈች። ሁለተኛንም አለፈች። ካርዷ ላይ ንባብ በጣም ጥሩ ተብሎ ተጻፈላት፤ ሰናይት አንብባልኝ እልል አልኩ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ጥናት ነበር የመሰለኝ። በኋላ ግን አንድ ቀን መጽሐፉን ይዛ ስታነብ ቀና ብዬ ባይ፣ ሥዕሉ ላይ ያለችው ላም እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተኝታለች። ልጅቷ መጽሐፉን ገልብጣ ይዛው ነው የምታነበው። ቀስ ብዬ አዞርኩላት። ምንም አላልኩም። ለሰናይትም አልነገርኩ።

ሦስተኛ ክፍል ላይ አልቻልንም። መጽሐፉ በዛ፤ ሳይንሱ፣ ኦሮምኛው፣ እንግሊዝኛው። የእኔ ጆሮም ዕድሜው ነው፣ እንግሊዝኛ አልይዝ አለው። ፈተናው ደግሞ በጽሑፍ ሆነ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲፈን ከክፍሉ መጨረሻ ወጣች። ጥር ላይ ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወንበር ሰጥተው ነው ያናገሩኝ። ልጅቷ ስሟን እንኳን አስተካክላ አትጽፍም፣ ሰንፋለች፣ ወይ አንደኛ ክፍል ከሕፃናቱ ጋር ትመለስ ወይ ቤት ትሁንና ሙያ ትልመድ አሉኝ።

ሲፈን ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ የእናቷን ትከሻ ይነካል። ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ካስቀመጡኝ ሁለተኛ አልመጣም ብላ ነግራኛለች። የምትለውን የምታደርግ ልጅ ናት። ስለዚህ ሁለቱ ምርጫ ለእኔ አንድ ነው፤ ቤት መቅረት ነው። ቤት መቅረት ምን እንደሆነ ደግሞ እኔን የሚነግረኝ የለም። መድኃኒት ቤት ስሄድ ወረቀቱን ለማን ላሳይ እያልኩ የሰው ፊት ሳይ ነው ያረጀሁት።

ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ዱላ እግሬን ነካኝ።

«ትናንት እዚህ ድንጋይ አልነበረም» አለ ከበላዬ የቆመ ሰው።

«ድንጋይ አይደለሁም፣ ሰው ነኝ።»

«ሰው ከሆኑማ አካም ቡልተን?» ብለው፣ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

ኦቦ ገመቹን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። ዱላቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁሉንም ስል፣ ያንን የእሁዱን ጥናታችንን ትቼ። ነገ ልጅቷንም ሁለተኛ ክፍል የተማረችበትን መጽሐፍም ይዘው ይምጡ አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ በሐዘኔ ላይ ጨመርኩበት።

«አይቀየሙኝ ኦቦ፤ ፊደል የማያዩ ሰው ስለ ፊደል ምን ሊረዱን ይችላሉ?»

አልተቀየሙም። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«አዴ፣ የሚያዩት ሦስት ዓመት አይተዋት ምን አገኙ?»

በማግሥቱ ሄድን። ሲፈን ጸጉሯን ተሠርታ፣ መጽሐፏን በላስቲክ ጠቅልላ። ቁጭ አድርገው የወደደችውን ምዕራፍ እንድታነብላቸው ጠየቋት። ስለ ገበያ የሚያወራውን መረጠች። ጣቷን አሳርፋ ጀመረች፤ ጀመረች አይባልም፣ ዘመረች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ልቤ በኩራት ሞላ። ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጆሯቸውን ወደ መጽሐፉ አዘንብለው ይሰማሉ። ስትጨርስ እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ዳሰሱት። እንደገና አንብቢልኝ አሏት። እንደገና ዘመረች።

«ሲፈን» አሏት ቀስ ብለው፣ «በመጀመሪያው ንባብሽ ገጹን ቀደም ብለሽ ገለጥሽ፣ አሁን ግን ዘግይተሽ ነው። ከገጹ ጀርባ ያለውን ገጹን ሳትገልጪ ነግረሽኛል። ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መሬት።

«አዴ» አሉ፣ ፊታቸው ወደ ልጅቷ እንዳለ፣ «ይህች ልጅ አራት ነጥብ ያለበት ላይ አትተነፍስም። አንቱ የሚተነፍሱበት ላይ ነው የምትተነፍሰው። ትናንት ደረጃው ላይ ሲያወሩኝ የሰማሁት ትንፋሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምን ይደበቃል። የእሁዱንም፣ የሽንኩርቱንም፣ የተገለበጠችውን ላምም ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው አወሩን። በልጅነታቸው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው፣ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ነጥብ ጣታቸው አልለይ ሲላቸው፣ ጓደኛቸው ሲያነብ ሰምተው ይይዙና ወረቀቱን እየዳበሱ ያነበቡ ይመስሉ ነበር። መምህራቸው አንድ ቀን ባዶ ወረቀት ሰጣቸው። ኦቦ ገመቹ ባዶውን ወረቀት በሚገባ አነበቡለት። ሲፈን ይህን ስትሰማ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ሞኝ ልጅ ይህን ሁሉ አትይዝም» አሉኝ ልጅቷ ወጥታ ስትጫወት። «አእምሮዋ ደህና ነው፣ ከደህናም በላይ። ፊደልና ድምፅን ማገናኘት ነው ያስቸገራት፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ሲረዷቸው ያነባሉ። እርስዎ ግን በደግነት ደበቋት፤ ማንም ሳያያት ሦስተኛ ክፍል ደረሰች።»

በደግነት ደበቋት። ያቺ ቃል ለሳምንት ያህል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ኦቦ ገመቹ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደው ሦስት ነገር ጠየቁ። ሲፈን ሦስተኛ ክፍሏ ትቀመጥ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት እሳቸው ዘንድ ትምጣ፤ በፈተና ጊዜ ጥያቄው ይነበብላትና በቃሏ ትመልስ። ዳይሬክተሩ የካርዷን ፋይል አወጡ። ንባብ በጣም ጥሩ፣ ንባብ በጣም ጥሩ። ሁለት ዓመት ያነበበች ልጅ ዘንድሮ ካላነበበች ስንፍና ነው እንጂ ችግር አይደለም፤ ለሰነፍ ደግሞ ልዩ ድጋፍ አልሰጥም አሉ። እኔ እልል ያልኩበት ካርድ መንገዱን ዘጋው።

ጉዳዩ ለወላጆችና ለመምህራን ኮሚቴ ይቅረብ ተባለ። ያንን ሳምንት ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ሆነ። ሰናይት፣ እየጻፍሽ ስለሆነ አትቀየሚ፣ እንዳልናገር ለመነችኝ። እማዬ፣ አጭበርብረን ነው ያለፈችው ብለሽ ብትናገሪ ሁለቱንም ክፍል ሰርዘው ወደ ታች ያወርዷታል፣ በገዛ አፍሽ ታስቀሪያታለሽ አለችኝ። ልክ አልነበረችም ማለት አልችልም። ኦቦ ገመቹን ሄጄ እርስዎ ይንገሩልኝ አልኳቸው። እንቢ አሉ። እኔ የሰማሁትን በአደራ ነው የሰማሁት፣ ለማውጣትም ለመተውም ባለቤቷ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ከዚያ የምዕራብ ነፋስ የቆርቆሮውን ጫፍ ሲያንኳኳ ሰምተው ስለ ቆርቆሮው ማውራት ጀመሩ። እንዲህ ናቸው፤ አንዴ ከተናገሩ አይጎተጉቱም።

ዓርብ ስብሰባው ሆነ። ዳይሬክተሩ አሉ፣ የሲፈን ክፍል መምህርት አሉ፣ ከወላጆች ደግሞ አቶ ጀማል የሚባሉ የገበያው ሸቀጥ ነጋዴ አሉ። ኦቦ ገመቹ ጥግ ላይ። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁና ተነሳሁ።

ስናገር ብዙ አልተጨነቅኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ያ ንባብ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው አልኳቸው። እርስዎ ማንበብ ይችላሉ እንዴ አሉኝ መምህርቷ። አልችልም አልኩ። ተያዩ። ያረጀች ሴት ቀባጠረች ብለው እንደሆነ ገባኝና፣ ከጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ አንስቼ ለዳይሬክተሩ ሰጠኋቸው። የፈለጉትን ገጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ አልኳቸው።

ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው ከሦስተኛ ክፍል ሳይንስ ስለ ተክል አነበቡ። ሁለተኛውን ሲያነቡ ስልካቸው ጠርቶ አነጋገሩበት፣ ከዚያ ጨረሱ። መጽሐፉን አስከደንኩና ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ተክል ለማደግ ውኃ፣ አየርና ብርሃን ያስፈልገዋል። ሥር ውኃን ከአፈር ይስባል፣ እህ እህ፣ ግንዱ ደግሞ ወደ ቅጠሉ ያደርሳል፣ ስብሰባ ላይ ነኝ መልሼ እደውላለሁ፣ ቅጠሉም ምግቡን በብርሃን ያዘጋጃል። እስከ መጨረሻው ድረስ፤ ጉሮሯቸውን የጠረጉባትን ሳላስቀር።

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ጀማል ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩ።

«እንግዲህ እኔ አነበብኩ?» አልኳቸው። «ንባብ በጣም ጥሩ ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ? ሲፈንም እንዲሁ ነው ያነበበችላችሁ። ሁለት ዓመት አጠፋሁባት። ሦስተኛውን እናንተ አታጥፉባት።»

ከዚያ አቶ ጀማል ቆባቸውን አስተካክለው፣ እኔም ቁርአን ቤት እንዲሁ ነበርኩ አሉ፤ ምዕራፉን ሁሉ በቃሌ ስይዘው ሰው ሁሉ አነበበ ይለኛል፣ ፊደሉን የለየሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጎትጉቶ ያስቀመጠኝ ሰው ባይኖር ዛሬ የዕቃ ስም አላነብም ነበር አሉ። መምህርቷም አንገቷን ደፍታ፣ ያላየችውን ገጽ ብቻዋን አንድም ቀን አስነብቤያት አላውቅም አለች። እኔ ያን ያህል ደፋር ንግግር ከወጣት መምህር አልጠበቅኩም፤ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ዳይሬክተሩ ካርዱን ወደ ፋይሉ መለሱት። ኦቦ ገመቹ የጠየቁት ሦስቱም ተፈቀደ፣ ግን እስከ ሰኔ። በሰኔ አይታው የማታውቀውን ገጽ ካላነበበች አንደኛ ክፍል ትገባለች ተባለ። ስንወጣ ኦቦ ገመቹ ስለ ንግግሬ ምንም አላሉኝም። የዳይሬክተሩን ጉሮሮ ግን አሳምረው ይዘውታል አሉኝ።

ሥራው ከዚያ ተጀመረ። በአናጢ ያስቀረጿቸው የእንጨት ፊደላት ነበሯቸው፣ እያንዳንዳቸው መዳፍ ያህላሉ። ዓይናማው የሚጽፈውን ፊደል እሳቸው ያወቁት በእነዚያ ነው። ሲፈን ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳብሳለች፣ ድምፁን ትናገራለች፣ አሸዋ ላይ ትጽፋለች፣ እሳቸው አሸዋውን ዳስሰው ትክክል ወይም ድገሚ ይላሉ። በቀን ሦስት ፊደል፣ አንዳንዴ አንድ። ያልተንቀሳቀሰ ፊደል መጀመሪያ ያገኘችው በጣቷ ነው። ሀን ሳትሳሳት ስትጽፍ፣ ይህቺ በቃ ቤቷን አገኘች ይሏታል። ሲሳሳቱ፣ ሲፈን ብቻ አይደለችም የምትሳሳተው፣ እሳቸውም አንዳንዴ ይሳሳታሉ፣ ያን ጊዜ ድርሻችን ደረሰን ይላሉ። ድርሻችን ደረሰን ማለት እንደገና ከመጀመሪያው ማለት ነው።

ለእኔም ሕግ አወጡልኝ። እንዳስቸግር አውቀው መሰለኝ፣ በሩ ላይ ያለችውን ጉቶ ሰጡኝ፤ መቀመጥ እንጂ መናገር የለም። ስትሳሳት ዝም፣ ስትቆም ዝም፣ እርስዎን ከጠየቀች ብቻ ይበሉ አሉኝ። ልጅቷ ቃል ፍለጋ ስትሄድ አጠገቧ ሆኖ ዝም ማለት እንዴት ያለ ሥራ ነው። ልብስ ማጠብ ይቀላል። አንዴ አመለጠኝና ቃሉን ነገርኳት። ኦቦ ገመቹ ተነስተው በሩን ዘጉብኝ። ቧንቧው ጋ ሄጄ እንደተቀጣ ተማሪ ቆምኩ፤ ውኃ ሊቀዱ የመጡ ልጆች እማማ ምን አጠፉ እያሉ ሳቁብኝ።

ቤትም ጥናታችን ተቀየረ። እሁድ ሰናይት ማንበቧን ተወች። ሲፈን አንድ መስመር ብቻ ታነባለች፣ ያቺን አንድ መስመር ለማንበብ ሽንኩርቱ ተከትፎ ያልቃል። እኔ በልቤ አሁንም እይዛለሁ፤ ልማድ ነው። ግን አፌን አልከፍትም።

አሁን ሲፈን ስድስተኛ ክፍል ናት። በደረጃ ተሸልማ አታውቅም። ዛሬም ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ ዛሬም ፈተና ላይ ጥያቄ ይነበብላታል፤ በዚያች ክፍል አሁን አዲስ መምህርት ገብታለች፣ ኦቦ ገመቹ ጡረታ ሲወጡ አሠልጥነዋት የሄዱት። ሲፈን የመድኃኒቴን ወረቀት ታነብልኛለች። ስትጨርስ ትክክል ነው አይደል ትለኛለች፣ እኔም ምን አውቄ እላታለሁ፤ ያኔ ራሷ መልሳ ታየዋለች።

ያቺን የሰኔ ጠዋት ሳልናገር ግን አልጨርስም።

ዳይሬክተሩ ብልህ ሰው ናቸው። የእኔን ጆሮ ፈርተው መጽሐፉን ሱሉልታ ካለ ትምህርት ቤት በወዳጃቸው በኩል አስመጡት፤ እኛ ሰፈር ማንም አይቶት የማያውቅ የተረት መጽሐፍ። ቢሯቸው ውስጥ ተቀመጥን። ዳይሬክተሩ፣ የክፍሏ መምህርት፣ ኦቦ ገመቹና እኔ። ሲፈን መጽሐፉን ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው ሥዕሉን አይታ አስተካክላ መያዝ ነው። ጣቷን አሳረፈች።

አልዘመረችም። በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን አንድ ቃል ለማግኘት ይህን ያህል ጊዜ ወሰደባት፤ እኔ በዚያ ጊዜ አባታችን ሆይን ጨርሼ ነበር። አን... ድ። ገበ... ሬ። ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ድምፁን በከንፈሯ ትሞክራለች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ተሸነፍን ብዬ ወደ ኦቦ ገመቹ ባይ፣ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ብለዋል። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ «ትሰሚያለሽ? ትሰናከላለች» አሉኝ፤ በደስታ ብዛት አንቱታውን ረስተው። ያን ጊዜ ገባኝ። በቃሉ የያዘ ሰው አይሰናከልም።

አንድ ገበሬ ማለዳ ተነስቶ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ ጫካው መሀል፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ አንድ ትልቅ ጅ...

ቆመች። ጣቷ እዚያው ላይ ነው። ጅ... አለች እንደገና። ጫካ፣ ዛፍ ሥር፣ ትልቅ፣ ጅ፤ ማን ያጣዋል? ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ትንፋሽ ብትወጣኝ ልጅቷ ታገኘዋለች፣ ዓመታችንም ያልቃል። ሲፈን ቀና ብላ አየችኝ። አልጠየቀችኝም፤ አየችኝ ብቻ። ነጠላዬን ጠቅልዬ አፌ ላይ ያዝኩ።

ወደ መጽሐፉ ተመለሰች።

«ጅ... ራ... ጅራፍ» አለች። «አንድ ትልቅ ጅራፍ ወድቆ አገኘ።»

ዳይሬክተሩ አጎንብሰው ገጹን አዩ። ልክ ነው አሉ።

እኔ አፌ ውስጥ የያዝኩት ጅብ ነበር። ዝም ብዬ ዋጥኩት።